የልጄን ሴረን ለማየት ቤር ሼቫ

ስልኩ ሲጠራ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቁጥሩን አላውቀውም። የአንድ ወንድ ድምፅ በዕብራይስጥ «የታደለ እናት ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ስለ ታደለ ሴረን ነው የምደውለው። እዚህ ቤር ሼቫ ነው ያለው። ከባድ ነው፤ ማን መጥቶ ይወስደዋል?»

ዕብራይስጥን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። እኔ የማውቀው ሴረን የጦር መኮንን ነው፣ በእኛ ሻምበል የምንለው። ልጄ ታደለ ደግሞ ያን ሰሞን ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ሄዷል፤ ሚሉኢም ይሉታል። በዚህ አገር ልጇን ለጦር የሰጠች እናት ሁሉ መኮንን ስለ ልጇ ሲመጣባት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ሰውዬው «ከባድ ነው፣ ማን ይወስደዋል» ሲለኝ የመሰለኝን አልጽፈውም። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ፣ እኔም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ጩኸቴን ሰምታ ገባችና ስልኩን ከእጄ ወሰደች። አዳመጠች፣ ጠየቀች፣ እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ አየኋት።

«የመኪና ነው» አለችኝ። «የመኪና የኋላ ብረት፣ ሁለቱ ጎማዎች የሚታሰሩበት። እሱም ሴረን ነው የሚባለው።»

ለሻምበልና ለመኪና ብረት አንድ ስም የሚሰጥ ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ጉዞዬ የተጀመረው በዚህ ንዴት ነው፣ ንዴቱም እስክመለስ ድረስ አልለቀቀኝም። ስለዚህ የማታውቁትን አገር ላሳያችሁ ብዬ ስጽፍ ደግ ደጉን ብቻ አትጠብቁ።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልንገራችሁ። ልጄ አሮጌ ላንድሮቨር አለው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ወገራ፣ መንደራችን ድረስ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ይዘውት ይመጡ የነበረው ዓይነት ነው። እኛ ያኔ እንደ ተአምር ከኋላው እንሮጥ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ሰው በፍቅር እየገዛ ያድሳል፣ ክላሲካ ይለዋል። ሲዘንብ ውሃ ያስገባል፣ ሲሞቅ እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ታደለ ከሥራ ሲመለስ እራቱን ሳይበላ ከሥሩ ይገባል።

እኛ የምንኖረው አፉላ ከተራራው ጎን በተሠራው ሰፈር ነው፣ መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። አንድ ቀን ደጃችን ላይ መኪናውን አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ሊወርድ ሲል ከኋላ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ለካ የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን ጎማውን የሚይዘው በዚያ በተሰበረው ብረት በኩል ነው። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ታደለ አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ ነበር። እኔ የገበያ ዕቃ ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁ። ዘሎ ወደቀ፤ መኪናው ወርዶ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ቆመ። ልጄ ጭኑ በልዞ ተነሣ፣ ከዚያ ያደረገውን ታውቃላችሁ? እያነከሰ ሄዶ መኪናውን አየ፣ እኔን አይደለም።

ስብርባሪው የብረቱን ውስጥ ፈጭቶታል፣ ግድግዳውም ውጭውን አጣሞታል። ሙሉውን የኋላ ብረት መለወጥ አለበት። አዲስ አይሠራም፣ ያገለገለ ነው የሚፈለገው። ታደለ ስንት ጊዜ ፈልጎ ቤር ሼቫ አንድ ሰው ዘንድ አገኘ፤ በዋጋውም ተስማሙ። ሳያየው ለሚሉኢም ተጠራ። ሊሄድ ሲል ስልኬን ለሻጩ ሰጥቶ «እማ፣ አንቺ ሂጂና እዪልኝ» አለኝ፤ ሴረን የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም፣ ሰውዬው ሲደውል ብረቱ ትዝ ያላለኝ ለዚህ ነው።

«እኔ የብረት ምን አውቃለሁ?»

«ምን እንደምታዪ እነግርሻለሁ። አንቺ ዳቦ ስትገዢ እንኳ ገልብጠሽ ነው የምታዪው። አንቺ ካየሽው ይበቃኛል።»

ነገሩን ሁሉ በድምፁ ቀድቶ ስልኬ ላይ ተወልኝ። አንድ ሲባጎም ሰጠኝ፣ ሁለት ቦታ የተቋጠረ። እኔ ግን ስሄድ የምመኘው ብረቱ ሰባራ ሆኖ እንዲገኝ ነበር። መኪናው እዚያው ግድግዳ ሥር ሣር ይብቀልበት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ጠዋት ከአፉላ ወጣሁ። ለዘመዶቼ ድፎ ዳቦ ጋግሬ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ልጅ ጨርቁን ካልፈታሁ አላሳልፍም አለ። ፈታሁለት። «ይህ ሁሉ ዳቦ ነው?» አለኝ። «አይ፣ መድፍ ነው» ልለው ነበር፣ እንዲህ ባለው በር ላይ ቀልድ አይወደድም ብዬ ዋጥኩት። ጣቱን ዳቦው ላይ ጫን አድርጎ አየና እለፊ አለኝ። የጣቱ ምልክት እስከ ቤር ሼቫ አብሮኝ ሄደ።

እስከ ቴል አቪቭ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በባቡር ነው። ባቡሩ ወታደር ሞልቶበታል። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። እንቅልፋቸው ልጄን አስታወሰኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አፉላ መሬቱ ጥቁር ነው፣ የወገራን መሬት ይመስላል፣ ስትረግጡት ጫማ ይይዛል። ወደ ደቡብ ሲሄዱ መሬቱ እየነጣ፣ ዛፉ እያጠረ ይሄዳል። ቤር ሼቫ ሲደርሱ አፈሩም ቤቱም ግመሉም አንድ ቀለም ነው። በኦሪት ቤርሳቤህ የምትባለው፣ አባታችን አብርሃም ጉድጓድ የቆፈረባት አገር ይቺ ናት። ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ለምን እንደቆፈረ ገባኝ።

የሚቀበለኝ ጋሽ አያሌው ነው፣ የአክስቴ ልጅ የአለሚቱ ባል። በስልክ «መርካዝ በሚለው ጣቢያ ውረጂ» ብሎኛል፤ መርካዝ መሃል ማለት ነው። ባቡሩ አንድ ጣቢያ ቀድሞ ሲቆም ሰዉ ግር ብሎ ተነሣ። መጨረሻው መስሎኝ እኔም ወረድኩ። ሰዉ ሁሉ ተማሪ ነበር፣ ለካ የዩኒቨርሲቲው ጣቢያ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

«ማንበብ አትችይም እንዴ ጥሩዬ?» አለኝ።

«የተማርኩት በአማርኛ ነው፣ እሱም እስከ አራተኛ ክፍል። አንተ መጥተህ አንብብልኝ።»

በአውቶቡስ ዞሮ እስኪመጣ ጥላ እየተከተልኩ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስዞር ቆየሁ። ቤታቸው ሽኩና ዳሌት የሚባል ሰፈር ነው፣ አሮጌ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ማታ ስሰማ ቤቱ የሚቀርበው እኔ ለወረድኩበት ጣቢያ ነው።

«ታዲያ ለምን መርካዝ አልከኝ?»

«የሁሉም እንግዳ የሚወርደው እዚያ ነዋ።»

አለሚቱ ሽሮ በቃሪያ ሠርታ፣ ሰላጣ ከትፋ ጠበቀችኝ። ዳቦዬን ስታይ «ይህ የምን ጣት ነው?» አለች፤ ነገርኳት፣ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅሁም። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀች፣ እነሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኙ። ያለቻቸውን አንዲት ማራገቢያም ወደ እኔ አዙራ ሄደች። ተነሥቼ ወደ እነሱ ባዞረው፣ ተመልሳ መጥታ ወደ እኔ አዞረችው። አፉላ ሲመሽ ከተራራው ነፋስ ይወርዳል። እዚህ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል።

ሐሙስ

ሰውዬው ያለው ኤመቅ ሳራ ነው፣ ከከተማው ዳር ፋብሪካና መጋዘን ያለበት ቦታ። ጋሽ አያሌው አብሬሽ ካልሄድኩ አለ። ጎንደር ሳለ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበረ፣ ስለ መኪና ወሬ ከተነሣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አይናገርም። አውቶቡስ ላይ ሙሉውን መንገድ ሲያስተምረኝ ሄደ።

«እኛ ይህን ብረት ዲፈረንሻል ነው የምንለው። ውስጡ ያሉት ሁለቱ ዘንጎች ሰሚያስ ናቸው። ጎማ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው፤ የታደለ የተሰበረውም ሰሚያስ ነው።»

«እነዚህስ ሰሚያስ ይላሉ?»

«አይሉም። ስም አያውቁም።»

ሺሞን የሚባለው ሻጭ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፣ ውስጡ የተቆራረጠ መኪና እንደ እንጨት ተከምሯል። ለጋሽ አያሌው እጁን ዘረጋ። ለእኔ «ሻሎም ሳቭታ» አለኝ። ሳቭታ አያት ማለት ነው።

«አያትህ አይደለሁም» አልኩት። «አንተ ነህ የደወልክልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጇ ጦር ላይ ላለባት እናት እንዲህ ተብሎ አይደወልም።»

«ምን አልኩሽ?»

«ከባድ ነው፣ ማን ይወስደዋል አልከኝ።»

ትንሽ አሰበና «ታዲያ ከባድ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው የሚያወራው ከጋሽ አያሌው ጋር ብቻ ሆነ። እኔ ስጠይቅ መልሱን ለእሱ ይሰጠዋል። ዕብራይስጤ ከጋሽ አያሌው እንደሚሻል ሁለቱም ያውቃሉ። በአገራችን ሴት ከገበያ ሰው ጋር ፊት ለፊት አታወራም ይባል ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወጥቼ ይህን ያህል ዓመት የሰው አገር አሮጊት ሳጥብ፣ ከሐኪም ከጸሐፊ ጋር ስከራከር የኖርኩት፣ ዞሬ የብረት ሻጭ ትከሻውን እንዲሰጠኝ አይደለም።

ወደ አንድ ጥግ ወሰደንና መሬት ላይ የተጋደመ ትልቅ ብረት አሳየን። «ባካክስ» አለ። «ለላንድሮቨር። ጥሩ ባካክስ።»

«ባካክስ ምንድነው? እኔ የመጣሁት ሴረን ለማየት ነው።»

«ሴረን፣ ባካክስ፣ ያው ነው። ሙሳኽ ውስጥ ማንም ሴረን አይልም።» ሙሳኽ የሚሉት ጋራዥን ነው።

ልቤ ደነገጠ፣ ከዚያ ተናደደ። ታዲያ ማንም ሴረን የማይል ከሆነ ለእኔ ሲደውል ለምን ሴረን አለኝ? ጋሽ አያሌው ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«ጥሩዬ፣ ትክክል ነው። ባክ በእንግሊዝኛ ኋላ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የኋላ ነው እያለ ነው። ይኸው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስሙ እየነገረሽ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከሁለቱም ዳር እንደ ጉልበት የሚታጠፍ ክብ ነገር አለው። በእጄ ገፋሁት፣ ወደ ግራ ዞረ። መለስኩት፣ ወደ ቀኝ ዞረ። መሪ ሲዞር አብሮ የሚዞረው የቱ ጎማ እንደሆነ ለማወቅ ረዳት መሆን አያስፈልግም፣ አውቶቡስ መጠበቅ ይበቃል።

«የኋላ ጎማ ይታጠፋል?» አልኩት ሺሞንን።

«የኋላ? የኋላ አይታጠፍም።»

«ይህ ይታጠፋል።»

«ይህማ ባካክስ ኪድሚ ነዋ» አለ። ኪድሚ የፊት ማለት ነው።

ጋሽ አያሌው አፉን ከፈተ። ለካ በዚህ አገር ጋራዥ የፊቱንም የኋላውንም ባካክስ ይሉታል። የፊት የኋላ፣ የኋላ የኋላ። ከእንግሊዝ ቃል ወስደው ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ተጠቀሙበት። «የፊት ኋላ?» እያለ ጋሽ አያሌው ለራሱ ደጋገመው። «እነዚህ ሰዎች ጤነኞች አይደሉም» አለኝ በአማርኛ። ከመጣሁ ጀምሮ በአንድ ነገር የተስማማነው ያኔ ነው።

ልጄ የጠየቀው የኋላውን መሆኑን ሺሞን ያውቃል፤ ሠራተኛው ተሳስቶ የፊቱን እንዳወጣ፣ የኋላው ወንድሙ ዘንድ ሌላ ግቢ እንዳለ ነገረን። ነገ ጠዋት ኑ አለ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። በዚያ ፀሐይ፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ይዤ ተመለስኩ። ጋሽ አያሌው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ላይ ስንወጣ «እኔ ግን ስሙን በትክክል ነው የተረጎምኩት» አለ።

ዓርብ

ዓርብ ሁሉም ከቀትር በፊት ይዘጋል፣ ለሰንበት። ማልደን ሄድን። ሺሞን ብረቱን ሁለት ግንድ ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ያብለጨልጫል። ቀለሙን ሳይ ሆዴ ደስ አለው። ትኩስ ቀለም የሚቀባው የሚደበቅ ነገር ያለው ነው። አፉላ የተከራየነው ቤት እንዲሁ ተቀብቶ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ግድግዳው አለቀሰ።

«ለምን ቀባኸው?»

«ሳሳይሽ ንጹሕ ይሁን ብዬ።»

ከዚያ የቀዘቀዘ የውሃ ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ለሚስቴ ነገርኳት፣ በስልክ ያልኩሽን። የእኛም ልጅ እዚያው ነው። ራት አልሰጠችኝም።» አጎንብሶ ግንዱን አስተካከለ። እኔም ውሃውን ጠጣሁ፤ ንዴቴ ትንሽ ቦታ ለወጠ እንጂ አልሄደም። ሊሸጥልኝ ብሎ ነው ብዬ አሰብኩ።

የልጄን ድምፅ ከስልኬ ከፈትኩ። «በመጀመሪያ ሲባጎውን፣ እማ።» ከብረቱ በላይ ሁለት ጠፍጣፋ መቀመጫ አለ፣ መኪናውን የሚሸከሙት ባሌስትራዎች የሚያርፉበት። አንዱን ቋጠሮ በአንዱ መሃል አደረግኩ፣ ሌላውን ዘረጋሁ። ልክ መሃሉ ላይ ወደቀ። ሳብ አድርጌ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ሁለተኛው የመለያ ነገር የሚከብደው ነበር። የላንድሮቨር ብረት ከውጭ ሲታይ ተመሳሳይ ሆኖ ውስጡ የተለያየ ጥርስ ያለው አለ። ከፊተኛው ጋር ካልተስማማ አንዱ ጎማ አንዱን እየጎተተ ሁሉንም ይሰባብረዋል። ታደለ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ አያሌው አንዱን ዳር አጥብቆ ይያዘው። አንቺ ሌላውን ዳር ሁለት ሙሉ ዙር አዙሪ። መሃል ላይ ከሞተር የሚመጣው ዘንግ የሚታሰርበት አፍ አለ፣ እሱን እዪ። አራት ጊዜ ዞሮ አምስተኛውን ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ከቆመ የእኔ ነው። ሦስት ተኩል ላይ ከቆመ ተዪው፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ብረቱ ቅባት ስለሆነ ጠመኔ አልያዘም። ለምልክት የገበያ ፌስታል ቀድጄ በአፉ ቀዳዳ አሰርኩበት። ጋሽ አያሌው ያዘ፣ እኔ አዞርኩ። ሦስት ተኩል ላይ ቁም፣ ቁም እያልኩ በልቤ። አለፈው። አራት አለ። ፌስታሉ ወጥቶ ወጥቶ ወደ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሁለቱ ዙር አለቁ።

«ይሄው» አለ ጋሽ አያሌው።

«ያዝክ ወይስ ለቀቅክ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እጅህ ሲንሸራተት አይቻለሁ። ድገመው።»

«አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ» አለ፣ ደገመ። ያው ሆነ።

ከሥር ያለውን ቡሎን አስፈታሁ፣ ዘይቱን በጣሳ ተቀበልኩ። በጣቶቼ መሃል አሸሁት፣ ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት። የሚያብለጨልጭ ብረት ካለበት ጥርሱ እየተበላ ነው ብሏል ልጄ። ጥቁር፣ የሚገማ ዘይት ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። የመሃሉን አፍ ይዤ ወዲህ ወዲያ ነቀነቅሁት፣ ብዙ ክፍተት የለውም። ከዚያ የቤቴን ቁልፍ አወጣሁና ቀለሙን መፋቅ ጀመርኩ። ስንጥቅ በብየዳ ተደፍኖ በቀለም ይሸፈናል፤ ያን ነው የምፈልገው። በሆዱ ዙሪያ፣ በሁለቱም ክንዱ፣ ከሥርም ተኝቼ ፋቅሁ።

«ገቬሬት» አለኝ ሺሞን፣ እመቤት ማለቱ ነው፣ «ድንች ነው የምትልጪው?»

«አዎ። አንተ ቀባኸው፣ እኔ እልጠዋለሁ።»

«ሰንበት ሊገባ ነው።»

«ይግባ።»

ከቀለሙ ሥር አሮጌ አረንጓዴ ቀለም፣ ከሱ ሥር ጤነኛ ብረት ነው። ብየዳ የለም። የቀረኝ ሰሚያሱ ነው፣ በልጄ ላይ የተሰበረው። ዳር ያሉትን ቡሎኖች አስፈትቼ ዘንጎቹን አስጎተትኩ። ጫፋቸው ላይ ያለው ጥርስ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፣ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ለመሰበር ተቃርቧል። በቀሚሴ ጠርዝ ጠርጌ አየሁ። እንደ ማበጠሪያ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው።

አንድ ጉድ እንኳ አላገኘሁለትም። በብረት ተናድዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ተናደድኩ። ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር።

ታደለ ስልኩን ለዓርብና ለቅዳሜ አስቀምጦታል፣ እሑድ ጠዋት እደውላለሁ ብሏል። ሺሞንም እስከ እሑድ ቀትር ልጠብቅ አለ፣ ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና አለው። ከእናንተ መልስ ካጣሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ አለ።

ሰንበት

በሰንበት የምሄድበት አውቶቡስ የለም፣ እዚያው ቆየሁ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ወገራ ሳለን በሰንበት ከብቱ እንኳ የሚያውቅ ይመስል ነበር። እዚህ ሰፈር አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይከፍታል። አለሚቱ ዓርብ የሠራችውን ምግብ በላስቲክ ሸፍና አስቀምጣ ነበር፤ ጎረቤቶቿም እንግዳ መጥቷል ሲባል በየሰሃናቸው ይዘው መጡ። እኔ አንዱንም አልነካሁም። አለሚቱ አየችኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ብረቱ ደህና ሆኖ ለምን ታዝኚያለሽ?»

ነገርኳት። ደረጃው ላይ ቆሜ ያየሁትን፣ አንዱን እግር ውጭ፣ አንዱን ውስጥ። መኪናው ዳግም እንዲነሣ እንደማልፈልግ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?» አለች። «ተሰንጥቋል በይው። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አለ ጋሽ አያሌው ከሌላው ክፍል። «እዚያው ቆሜ ይዤው የለም እንዴ? ብረቱ ምን በደላችሁና ነው ስሙን የምታጠፉት?»

«አንተ ተኛ» አለችው።

«ጋደም ብዬ ነው የምሰማችሁ።»

እሷ ለእኔ አስባ ነው፣ አልቀየምኳትም። ቀኑን ሙሉ ግን ቃሉን በአፌ ስይዘው ዋልኩ። ተሰንጥቋል። አጭር ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውንም አሰብኩ። ልጄ መኪናውን አይጥለውም። ሌላ ብረት ይፈልጋል፣ አንድ ቦታ ያገኛል። ያኔ እናቴ ትይልኝ ይል ይሆን? ደግሞስ ከዚያ ካለበት ሆኖ የሚጠብቀው ምንድነው? ስለ መኪናው ሲያወራ ብቻ ነው ድምፁ የድሮ ድምፁ የሚሆነው። ይህም ያናድደኛል። ስለ እኔ ሲያወራ ቢሆን ምን ነበረበት?

እሑድ

አለሚቱ ለመንገዴ እንቁላል ቀቅላ፣ የዱባ ፍሬ ቋጥራ፣ አንድ ጠርሙስ በርበሬ ቦርሳዬ ውስጥ ልትሸጉጥ ስትል ስልኩ ጮኸ። ታደለ ነው። ከኋላው ሰው ይጮኻል፣ ሞተር ይጮኻል።

«እማ፣ ራዒት ኦቶ?» አለኝ። አየሽው ወይ ነው የሚለኝ። እኔ በአማርኛ ሳናግረው እሱ በዕብራይስጥ ነው የሚመልሰው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

«አየሁት» አልኩ።

አለሚቱ የበርበሬውን ጠርሙስ እንደያዘች ቆማ ታየኛለች።

«እና?» አለ። «አንቺ ብትሆኚ ትሳፈሪበታለሽ?»

እንዲህ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያ መኪና ከተገዛ ጀምሮ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም።

«ሲባጎው ልክ መጥቷል» አልኩት። «ሁለቴ ለክቻለሁ። ዙሩም አራት አልፎ አምስት ሊሞላ ነው የቆመው፣ አስደግሜዋለሁ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ቀለሙን ልጬ አይቻለሁ፣ ብየዳ የለውም። ሰሚያሱን ሁለቱንም አስወጥቻለሁ፣ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው።»

«እማ፣ ለምን ትጮሂያለሽ?»

«አልጮህኩም።»

«ትጮሂያለሽ። ስለዚህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ውሰደው። እሳፈርበታለሁ፤ ግን አንተ ስትነዳው አጠገብህ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልናገር እንዳይመስልህ። ዳገት ላይ ስታቆመው ደግሞ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። አንድ ቀን ሳታደርግ ባገኝህ በመዶሻ የምሰብረው እኔ ነኝ።»

መልሱ ለእኔ አልነበረም። አጠገቡ ላለ ሰው በዕብራይስጥ «እናቴ ፈትሻዋለች፣ ደህና ነው» ሲለው ሰማሁ። ሰውዬው «እናትህ ሙሳኽ አላት እንዴ?» አለው። ታደለ ሳቀ። ከሄደ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ለሺሞን ደውዬ ጫነው አልኩት። ጋሽ አያሌው ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ ቅርቡ ጣቢያ ሸኘኝ፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ሰሚያስ እያወራ። ባቡሩ ላይ እንቁላሉን በላሁ። እስከ ቴል አቪቭ ንዴቴ አልበረደም፣ ከቴል አቪቭ ወዲህም አልበረደም።

ብረቱ ከእኔ ቀድሞ አፉላ ደርሶ ነበር። የጭነት መኪናው ሰዎች ደረጃው ሥር ጥለውት ሄደዋል፣ ለሰው ማለፊያ አይሰጥም። የፋቅሁት ቦታ ሁሉ ተልጦ ይታያል፣ ዝናብ ቢነካው ይዝጋል። ዕቃዬን አስቀመጥኩ፣ አንድ አሮጌ አንሶላ ይዤ ወርጄ ሸፈንኩት፣ ዳርና ዳሩንም ድንጋይ ጫንኩበት።